በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስላለችው የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን
ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት
ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ካቶሊካውያን ጳጳሳት ጉባኤ

ጉዳዩ፦ በሮም የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ያሉት የግዕዝ ጽሑፎችና ንዋያት በአማርኛ ተመዝግበው ለሕዝብ እንዲቀርቡ ስለ መጠየቅ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፤

በአዲስ አበባ ማተሚያ ቤቶች አስቀድሞ ፊደል ለቃሚ፣ በኋላም አራሚ ሆኜ ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የታሪክ ምሁር ባለመሆኔ የማቀርበው ጥያቄ ከምሁራን ጥያቄ ያነሰ ሊመስል ይችላል፤ ዳሩ ግን ስለማነሣው ጉዳይ የምናገረው በእጄ ከሠራሁት ሥራ ተነሥቼ ስለሆነ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። በደብዳቤው ውስጥ የጠቀስኋቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጄ ሮም ከተማ ውስጥ አረጋውያንን እየተንከባከበች ትኖራለች። ልጠይቃት በሄድሁ ጊዜ የምታውቃቸው አንድ አባት ፈቃድ አስወጥተውልኝ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ወዳለችው አንዲት አነስተኛ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱኝ። ቦታው በስዊስ ዘበኞች በኩል ካልሆነ የማይታለፍ ስለሆነ ባዚሊካውን ለማየት ከሚጎርፈው ሕዝብ እጅግ አብዛኛው እዚያ ቤተ ክርስቲያን መኖሩንም አያውቅም። እኔም ብሆን ከዚያች ቀን በፊት ስለ እርሷ የማውቀው ስሟን ብቻ ነበር። ጣሊያኖች «ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ» ይሏታል፤ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ማለት ነው።

ዛሬ በቫቲካን ከተማ ቆመው ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በዕድሜ የምትቀድመው እርሷ ናት። ትውፊቱ መሥራቿ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 1ኛ እንደ ሆኑ ይናገራል። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሌክሳንደር 3ኛ ዘመን እንደ ገና ታንጻለች። በ1506 የተጀመረው የአዲሱ ባዚሊካ ግንባታ አሮጌውን የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ከነዙሪያው ሲያፈርስ፣ እርሷ ግን ተርፋለች። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በተለምዶ በ1479 እንደ ሆነ ይነገራል፣ ሲክስቶስ 4ኛ አሳድሰዋት ከምሥራቅ ለሚመጡ መነኮሳት ሰጥተዋት ነበርና፣ ከኢየሩሳሌም ተነሥተው ወደ ጴጥሮስና ጳውሎስ መቃብር የሚሳለሙ ኢትዮጵያውያን ማረፊያቸውም መጸለያቸውም ሆነች። አንዳንድ የዘመኑ ጽሑፎች «የጥቁሮች እስጢፋኖስ» ብለው ሲጠሯት፣ ለሮማውያን የሩቅ አገር ሰው ሁሉ ከሕንድ የመጣ ይመስላቸው ስለነበር ነዋሪዎቿን «ሕንዳውያን» ያሏቸውም አሉ።

ስለ ሕንፃዋ ብዙ አልጽፍም፤ በየዘመኑ ብዙ ተቀይሯልና። ፊቷ በክሌመንት 11ኛ ዘመን (1700–1721) የተለወጠ ሲሆን፣ በ1928 ደግሞ ሰፊ እድሳት ተደርጎላታል። ቀድሞ ሦስት ክፍል የነበረው ቅኔ ማኅሌቷ የግራና የቀኙ ክፍሎች ከተነሡ ወዲህ አንድ ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ የድሮዎቹ ዓምዶች በግርግዳው ውስጥ ተውጠው ገጻቸው ብቻ ይታያል። ከግርግዳው በአንዱ ላይ የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው የሚባል ሥዕለ ማርያም አለ፤ የእኛ ሰዎች ምስለ ፍቁር ወልዳ የሚሉት ዓይነት ሲሆን ቀለሙ በየቦታው ረግፏል።

በሩን ግን ሳልገልጽ አላልፍም። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተቀረጸው የእብነ በረድ መቃን ከግራና ከቀኝ በቅጠልና በሐረግ ተሞልቶ ወደ ላይ ይወጣና፣ ከጉበኑ ላይ መስቀል የያዘ በግ ይገኛል። ደጋግሜ አየሁት። በኦሪት ዘጸአት የበጉ ደም መቃኑና ጉበኑ ላይ እንዲቀባ የታዘዘውን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ላደገ ሰው በጉን ራሱን ጉበን ላይ ማግኘት የሚያስደንቅ ነው። ሐረጉም ቢሆን የብራና መጻሕፍታችንን አናት ከሚያስጌጠው ሐረግ ጋር ዝምድና ያለው ይመስላል፤ አንዱ ከሌላው ተቀዳ ለማለት አልደፍርም። ይሁንና ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ከደብረ ሊባኖስ ወይም ከኢየሩሳሌም በእግሩ የመጣ መነኩሴ እዚህ በር ፊት ሲቆም እንግድነቱ ትንሽ ሳይቀልለት አይቀርም ብዬ አሰብሁ።

ወደ ጥያቄዬ ያደረሰኝ ግን በሩ ሳይሆን በውስጥ ያለው የመቃብር ድንጋይ ነው። በላቲንና በግዕዝ የተቀረጸው ይህ ድንጋይ የአባ ተስፋ ጽዮን መታሰቢያ ነው። ሮማውያን «ኢትዮጵያዊው ጴጥሮስ» ይሏቸው የነበሩት እኚህ አባት የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ሲሆኑ፣ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ዘመን ገዳማቸው በተቃጠለ ጊዜ ተሰድደው በኢየሩሳሌም በኩል በ1530ዎቹ ሮም ደረሱ፤ የቅዱስ እስጢፋኖስ ማኅበር አለቃም ሆኑ። በሊቃነ ጳጳሳቱ ዘንድ፣ ይልቁንም በጳውሎስ 3ኛ ዘንድ፣ ትልቅ መወደድ አግኝተው ነበር። በ1552 በቲቮሊ ከተማ ሲያርፉ ዕድሜያቸው ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ገደማ ነበር። አስከሬናቸውም ወደዚህ መጥቶ ተቀበረ።

ጽሑፉን ጎንበስ ብዬ ሳነብ አብረውኝ የነበሩት አባት እኚህ ሰው ማን እንደ ነበሩ ነገሩኝ፤ ሲነግሩኝም አፈርሁ። በ1548 እና በ1549 በሮም ታትሞ የወጣውን የመጀመሪያውን የግዕዝ ሐዲስ ኪዳን ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የግዕዝ ፊደል በእጄ እየለቀምሁ ያደርሁ ሰው፣ ይህን ፊደል ከብራና ወደ እርሳስ ካወረዱት ከቀደሙት አንዱ የሆኑትን ሰው ስም ሳላውቅ ጡረታ ወጥቼአለሁ። ሙያውን ስማር ያስተማሩኝ ሰዎች አልነገሩኝም፤ እነርሱም አልተነገራቸውም ነበር።

ለወጣቶቹ ሠራተኞች ትንሽ ላስረዳ፤ ዛሬ ሁሉም ነገር በኮምፒውተር ስለሚሠራ ፊደል መልቀም ምን እንደ ነበር የሚያውቅ እየጠፋ ነው። ፊደል ለቃሚ የእርሳስ ፊደሎቹን ከሣጥናቸው አንድ በአንድ እያነሣ በመስመር ይደረድራል። ፊደሉ በእርሳሱ ላይ የሚገኘው ወረቀት ላይ ከሚታየው ተገልብጦ ስለሆነ፣ ለቃሚው በግልባጭ ማንበብ አለበት። በላቲን የሚሠራ ለቃሚ ጥቂት ደርዘን ፊደሎችን ቢለይ ይበቃዋል፤ የእኛ ግን ከነቤቱ ከሁለት መቶ በላይ ነው። ጀማሪ ሳለሁ ከተሳሳትኋቸው ስሕተቶች ሁሉ የማልረሳው «ለ» ተዘቅዝቆ ሲቀመጥ «ሀ» መምሰሉን ነው። ፊደሉን ጠንቅቆ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እንኳ እንዲህ ከሳተ፣ ግዕዝን ፈጽሞ የማያነብ የሮም ለቃሚ በ1548 ምን ያህል እንደ ተቸገረ መገመት ይቻላል።

አባ ተስፋ ጽዮን ይህንኑ ችግር በመጽሐፉ ውስጥ ራሳቸው ጽፈውታል። የቃሉን ትክክለኛ ትርጉም ሊቃውንት እንዲያወጡት እየተውሁ ፍሬ ነገሩን በራሴ አነጋገር ብቻ ላስቀምጠው፤ አባቶችና ወንድሞች ሆይ፣ በዚህ ኅትመት ለምታገኙት ስሕተት አትፍረዱብን፤ ያተሙት ሰዎች ማንበብ አይችሉም፣ እኛ ደግሞ ማተም አናውቅም፤ ስለዚህ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ እነርሱ እኛን፣ እኛም እነርሱን እየረዳን ሠርተነዋልና ይቅር በሉን ይላሉ። እኔ በሕይወቴ ስንት የስሕተት ማረሚያ ገጽ አትሜአለሁ፤ እንዲህ ሥራ ቤቱን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ የይቅርታ ጽሑፍ ግን አላነበብሁም። አንድ ሌላ ነገርም አልሸሸጉም፤ በእጃቸው የነበረው የሐዋርያት ሥራ ቅጂ የጎደለ ስለነበር አብዛኛውን ክፍል ከላቲንና ከጽርዕ (ከግሪክኛ) ወደ ግዕዝ እንደ መለሱት አስታውቀዋል። ጎደሎን ሸፍኖ ማለፍ ቀላል በሆነበት ሥራ ይህን መጻፋቸው ሰውየውን ከመቃብር ድንጋዩ ይልቅ አቅርቦ ያሳየኛል።

ሥራውም የብቻቸው አልነበረም። ተንሥአ ወልድና ዘሥላሴ የተባሉ ሁለት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት አብረዋቸው ሠርተዋል፤ ከጣሊያኖቹም የረዷቸው ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ ማሪያኖ ቪቶሪ ከአባ ተስፋ ጽዮን የተማረውን ይዞ በ1552፣ መምህሩ ባረፉበት ዓመት፣ የመጀመሪያውን የግዕዝ ሰዋስው በሮም አሳተመ።

ነገሩ እዚህ አልተጀመረም፤ እዚህም አላበቃም። ከአባ ተስፋ ጽዮን በፊት በ1511 ገደማ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ካህን በሮም ሳለ መነኮሳቶቻችን በዜማ ሲጸልዩ ይሰማል። ቋንቋውን ባያውቀውም በመካከሉ የእመቤታችንንና የሐዋርያትን ስም ይለያል፤ ነገሩ ቢያስገርመው ሄዶ ይጠጋቸዋል። ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ከተባሉ መነኩሴ ዘንድ ተምሮም በ1513 በማርቼሎ ሲልበር ማተሚያ ቤት መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። በዓለም ላይ በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ፖትከን ቋንቋውን «ከለዳዊ» እያለ መጥራቱ ስሕተት ነበር፤ ነገር ግን መጀመሪያ የታተመው መጽሐፋችን ዳዊት መሆኑ፣ የቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊት ለደገመ ሰው ሁሉ የሚገባው ነገር ነው። እዚህ አካባቢ፣ በምፅዋ፣ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን የመጀመሪያውን ማተሚያ ያቋቋሙት በ1863 ነው። ከፖትከን ዳዊት እስከዚያ 350 ዓመት ይቆጠራል። በዚህ ሁሉ ዘመን የኅትመት ታሪካችን መጀመሪያ ያለው በሮም ነው፤ ሰዎቹም የሚያድሩት በዚያች ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ነበር።

መቶ ዓመት ቆይቶ ደግሞ የአማርኛ ተራ ደረሰ። በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ወደ ሮም መጥቶ በዚህ ቤት የነበሩትን ኢትዮጵያውያን ፈልጎ አገኛቸው። ከእነርሱም የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ወዳጅም መምህርም ሆኑለት። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት ጋብዟቸው ወደ ጀርመን ሄዱ፤ እዚያም ከሉዶልፍ ጋር ሲሠሩ ከረሙ። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ለመመለስ በተጓዙበት በ1658 መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ። ሉዶልፍ ከእርሳቸው ያገኘውን ዕውቀት በግዕዝ መዝገበ ቃላቱ፣ በ1681 ባወጣው የኢትዮጵያ ታሪክና በ1698 ባሳተመው የአማርኛ ሰዋስው ላይ አውሎታል። ይህ የ1698ቱ መጽሐፍ የመጀመሪያው የታተመ የአማርኛ ሰዋስው ነው። እኔ ይህን ደብዳቤ የምጽፍበት፣ እናንተም ደብዳቤ የምትመልሱበት ቋንቋ ሥርዓቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በመጽሐፍ የወጣው፣ ከዚያች በር በወጡ አንድ መነኩሴ አንደበት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ከኢትዮጵያ የሚመጡት ተሳላሚዎች ቁጥር እየሳሳ ሄዶ ቤቱ ብዙ ጊዜ ጭር ብሎ ቆይቷል። የማኅበሩ የብራና መጻሕፍት ወደ ቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ገብተው፣ ከሌሎች የኢትዮጵያ ጥራዞች ጋር በ1935 እና በ1936 ዝርዝራቸው በላቲን ታትሟል። በ1919 በነዲክቶስ 15ኛ በቅዱስ እስጢፋኖስ ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ኮሌጅ አቋቋሙ፤ ፒዮስ 11ኛም በቫቲካን አትክልት ስፍራ ውስጥ አዲስ ሕንፃ አሠሩለት። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ያለ ብቸኛው ኮሌጅ ይህ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱም ዛሬ በግዕዝ ሥርዓተ ቅዳሴ ታገለግላለች።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ።

በመጀመሪያ፣ የመቃብር ድንጋዮቹን ጨምሮ በቤተ ክርስቲያኒቱ ያሉት የግዕዝ ጽሑፎች በሙሉ በጥሩ ካሜራ ፎቶግራፍ እንዲነሡ፣ የሚቻለውም ያህል በወረቀት እንዲቀዱ እለምናለሁ። ለምን ወረቀት እንደምል የማተሚያ ቤት ሰው ይገባዋል፤ ፎቶግራፍ ብርሃኑ ከጎን ካልመጣለት ጥልቀት የሌለውን ቅርጽ አያሳይም፣ በድንጋዩ ላይ ተለጥፎ በብሩሽ የተመታ እርጥብ ወረቀት ግን የመዶሻውን ምት ሁሉ ይዞ ይወጣል። ቅጂው ከተገኘ በኋላ ግዕዙ እንዳለ ታትሞ፣ ላቲኑ ተተርጉሞ፣ ከአማርኛ ማብራሪያ ጋር በአንድ አነስተኛ መጽሐፍ ይውጣ። ስለዚህች ቤተ ክርስቲያን ምሁራን ብዙ ጽፈዋል፤ አብዛኛው ግን በላቲን፣ በጣሊያንኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ነው። የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ መቃብር ላይ የተጻፈውን ግዕዝ ለመረዳት ኢትዮጵያዊ ተማሪ መጀመሪያ ጀርመንኛ መማር አለበት መባሉ ትክክል አይመስለኝም።

ሁለተኛው፣ የአባ ተስፋ ጽዮን የመቃብር ድንጋይ በልኩ በጄሶ ተቀድቶ፣ ሐዲስ ኪዳኑ ውስጥ ይቅርታ የጠየቁበት ገጽም ጎላ ብሎ ታትሞ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው በነጻ በሚያየው ቦታ ይቀመጥ። ቦታውን እኔ አልመርጥም፤ የወመዘክር (የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ንባብ አዳራሽ መግቢያ ግን መጥፎ አይሆንም፤ ተማሪው ሁሉ የሚያልፈው በዚያ ነውና። ለዚህ የሚያስፈልገው የአንድ ባለሙያ የጥቂት ሳምንታት ሥራ፣ የጉዞ ወጪና ከባለቤቱ የሚገኝ ፈቃድ ነው። ፈቃዱን በመጠየቅ ረገድ ግልባጭ ያደረግሁላቸው የካቶሊክ አባቶች ከማንም ይልቅ ቅርብ ስለሆኑ እንዲያግዟችሁ እነርሱንም አደራ እላለሁ።

ድንጋዩ ራሱ ይመለስ የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የአክሱም ሐውልት በ2005 ከሮም ሲመለስ እኔም በደስታ ካለቀሱት አንዱ ነበርሁ። የቅዱስ እስጢፋኖስ ነገር ግን ከዚያ የተለየ ነው። ሐውልቱ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተወሰደ ነው፤ አባ ተስፋ ጽዮን ግን በእግራቸው ሄደው፣ በዚያ ኖረው፣ በዚያ ሠርተው ያረፉ ናቸው። ከሰው መቃብር ላይ ድንጋይ አንሡ ማለት በእኛም አገር ነውር ነው። የምለምነው ቅጂና ምዝገባ ብቻ ነው።

ሌላም የሚነሣ ነገር አለ፤ እኔ ራሴ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ስለሆንሁ በግልጽ ላንሣው። ይህን ሐሳብ ለአንድ የድሮ ባልደረባዬ ባጫውተው «የካቶሊክ ቤት ጉዳይ እኛን ምን አገባን?» አለኝ። የቤቱ ባለቤት ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን መሆኗ አያጠራጥርም፤ ጠብቃ ያቆየችውም እርሷ ናት፤ ለዚህም ምስጋና ይገባታል። በዚያ ያረፉት አባቶች ግን ከገዳሞቻችን የወጡ፣ በዳዊታችን የጸለዩ ናቸው። ከመካከላቸው ወደ ሮም እምነት የተጠጋም ነበር፣ በእምነቱ እንደ ጸና የተመለሰም ነበር፤ ይህን ሊቃውንት እያከራከሩ ያጥኑት። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በካቶሊክ እምነት ምክንያት በአገራችን ብዙ ደም መፍሰሱንም አልዘነጋሁም፤ ያ ቁርሾ ነው ምናልባት ይህችን ቤተ ክርስቲያን ከትምህርት መጻሕፍታችን ያራቃት። ነገር ግን የፊደል ለቀማ ታሪካችን የሚጀምርበትን ቤት የሌላ እምነት ነው ብለን ከተውነው፣ ታሪኩን ከመሐል ጀምረን ልናወራው ነው። ባልደረባዬም ይህን ስነግረው ዝም አለ፤ መስማማቱ ይሁን መሰልቸቱ አልለየሁትም።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ጥያቄዬ ጊዜን የሚመለከት ነው። የ1513ቱ ዳዊት አምስት መቶ ዓመት የሞላው በ2013 ነበር፤ እኔ በዚያን ጊዜ ገና በሥራ ላይ ነበርሁ፤ በሥራ ቦታዬ ግን አንድም ሰው ሳያነሣው አለፈ። ሐዲስ ኪዳኑ በ2049፣ የአባ ተስፋ ጽዮን ዕረፍት በ2052 አምስት መቶ ዓመት ይሞላቸዋል። ሩቅ ይመስላል፤ ይሁንና ፈቃድ መጠየቅ፣ ባለሙያ ማሠልጠንና መጽሐፍ ማዘጋጀት ስንት ዓመት እንደሚወስድ በመሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። የቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ከብራና ጥራዞቹ አያሌዎቹን በኢንተርኔት ለማንም ሰው ክፍት አድርጎ ስለሚያሳይ የሥራው አንድ ክፍል ከአዲስ አበባ ሳይወጡ ዛሬ ሊጀመር ይችላል፤ ላቲኑን የሚያነቡ አባቶችም በየሀገረ ስብከቱ አሉ፣ እነርሱም እያረጁ ነው።

ቅዱስ እስጢፋኖስ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 17 እና ጥር 1 ይከበራል። ከእነዚህ ከአንዱ ቀን በፊት ጉዳዩን የሚመለከት ሰው መድባችሁ ብታሳውቁኝ፣ በጉዞዬ ጊዜ የያዝሁትን ማስታወሻና ልጄ ያነሣቻቸውን ፎቶግራፎች በግንባር ቀርቤ አስረክባለሁ። ፎቶግራፎቹ በስልክ የተነሡ ስለሆኑ የግዕዙ ጽሑፍ በሁለቱ ላይ ብቻ ነው በደንብ የሚነበበው።

መጽሐፉ ለኅትመት ሲደርስም ማረሚያውን ያለ ክፍያ አነባለሁ። ዓይኔ ቢደክምም ተዘቅዝቆ የገባን «ለ» አሁንም እለያለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ጡረተኛ ፊደል ለቃሚና አራሚ
አዲስ አበባ